ሊያቃጥል የሄደው ወታደር የመሰከረው

ጊዜው ኦገስት 1775 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ሱሪናም፣ ደቡብ አሜሪካ፣ የኮቲካ ወንዝ አካባቢ ጫካ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ደረታቸው ድረስ የሚደርስ ረግረግ ሲሻገሩ ሰንብተዋል። ድንገት ጥሻው ተከፈተና የደረሰ ሩዝ ያዘለ ሰፊ ማሳ ፊታቸው ተዘረጋ። ከማሳው ማዶ መንደር ይታያል። ሰዎቹ ጫካውን ሲመነጥሩ ረጃጅሞቹን ዛፎች በረድፍ ትተዋቸዋል፤ ቤቶቹ ከፀሐይ እንዲጠለሉ።

ይህን የጻፈው ጆን ጋብርኤል ስቴድማን የሚባል መኮንን ነው። አባቱ ስኮትላንዳዊ፣ እናቱ ሆላንዳዊት። ቦታውን ከልብ ወድዶታል፤ ውበቱን ሲገልጽ ቃላት አይሰስትም። ግን እዚያ የሄደው ማሳውን ሊያወድምና መንደሩን ሊያቃጥል ነበር።

ጋዶ ሳቢ ይባላል መንደሩ። ነዋሪዎቹ ከሆላንዳውያን የሸንኮራና የቡና እርሻዎች ያመለጡ፣ ወይም ካመለጡት የተወለዱ ናቸው። በዓለም ታሪክ ማሮን ተብለው ይታወቃሉ። ለአርባ ደቂቃ ያህል በሩዙ መሀል ተኩስ ተለዋወጡ። ወታደሮቹ መንደሩ ጫፍ ሲደርሱ ማሮኖቹ ራሳቸው ቤታቸውን አቃጠሉት። እሳቱ በእነሱና በወታደሮቹ መካከል ግድግዳ ሆነ። ያን ሌሊት ከጨለማው ውስጥ ሲጮሁ፣ ሲተኩሱ፣ ሲሳደቡ አደሩ። ወታደሮቹ ይህን ሁሉ ፉከራ ነው ብለው ነበር። በኋላ እንደታወቀው ጩኸቱ ሽፋን ነበር። በዚያች ሌሊት ሴቶቹና ልጆቹ ሩዝ፣ ካሳቫና ቦዬ እየጫኑ ወደ ጫካው ገብተዋል።

ከዚያ ሌሊት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ማሮኖቹ ከጨለማው ሆነው የአውሮፓ ወታደሮቹን ያናግሯቸዋል። የሚሏቸው ስድብ ብቻ አይደለም። «እኛ ለእናንተ እናዝናለን» ዓይነት ነገር ነው። እናንተ ነጭ ባሪያዎች ናችሁ፣ በቀን 4 ፔንስ እየተከፈላችሁ ልትራቡና ልትሞቱ የመጣችሁ፤ ባሩዳችንን በእናንተ ላይ ብዙ ማባከን አንፈልግም፤ የእርሻ ባለቤቶቹና ካቦዎቹ ራሳቸው ቢመጡ ግን አንድም በሕይወት አይመለስም። ስቴድማን ይህን ጽፎ አስቀርቶታል። ጠላቱ ስለ ራሱ ስለ ስቴድማን የተናገረውን እውነት ሳይደብቅ መጻፉ ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ዋጋ ነው።

ስቴድማን በ1772 መጨረሻ በፈቃደኝነት ተመዝግቦ ከሆላንድ ተነሳ፤ በ1773 መጀመሪያ ሱሪናም ደረሰ፤ በ1777 ተመለሰ። አዛዡ ኮሎኔል ፉርዦ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነበር። ስቴድማን እንደሚለው ወደ 1,200 ከሚጠጉ ጤነኛ ወታደሮች በሕይወት የተመለሱት 100 አይሞሉም። አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት አይደለም። ወባ፣ ተቅማጥ፣ የሚበሰብስ እግር፣ ረሃብ ነው። ማሮኖቹ የጥይት እርሳስ ስላነሳቸው ጠጠር፣ የኮት ቁልፍና የብር ሳንቲም ይተኩሱ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ብዙ የቆሰሉ ወታደሮች ተርፈዋል። ትንኙ ግን አይምርም። ወታደሮቹ በሳንጃቸው መሬት ቆፍረው ጭንቅላታቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው ይተኙ ነበር።

ስለ ሙጀሌም ይጽፋል። አዎ፣ ያው እኛ የምናውቀው፣ የጣት ጥፍር ሥር ገብቶ እንቁላሉን የሚጥለው፣ እናቶቻችን በመርፌ የሚያወጡት ሙጀሌ። መነሻው እዚያው የአሜሪካ ሞቃት አገር ነው። ወደ አፍሪካ የተሻገረው ከስቴድማን መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በመርከብ ነው። ጅማ ወይም ወላይታ ያደገ ሰው የእነዚያን ወታደሮች እግር ለማሰብ አይቸገርም።

ስቴድማን ራሱ የተረፈው አንድ ሽማግሌ አፍሪካዊ በሰጡት ምክር ነው። ጫማህን አውልቅ፣ እግርህ እንዲጠነክር የጀልባው ወለል ላይ በባዶ እግርህ ተመላለስ፤ በቀን ሁለቴ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ግባ፤ ያን ወፍራም ልብስ ጣለው፤ አሉት። ሰማቸው። ሌሎቹ መኮንኖች ቦት ጫማቸውን እንዳጠለቁ ሲያልቁ እሱ በባዶ እግሩ ጫካውን ተመላለሰበት። ጫካውን የሚያውቁት እነማን እንደሆኑ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጦርነት ለምን? ሱሪናም በ1667 በሆላንድ እጅ የጸናች ቅኝ ግዛት ነበረች። ኢኮኖሚዋ በሙሉ የቆመው ከአፍሪካ ተጭነው በመጡ ሰዎች ጉልበት ላይ ነበር። በስቴድማን ዘመን ለአንድ ነጭ ከአሥር የሚበልጡ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ባለርስቶቹ ሁልጊዜ በፍርሃት ነው የሚኖሩት። እርሻዎቹ በወንዝ ዳር የተሰለፉ ናቸው፤ ከእርሻው ጀርባ ጫካው ነው። ሌሊት ጠብቆ ሁለት መቶ እርምጃ የሄደ ሰው ከጌታው ዓይን ይሰወራል።

ጫካ የገቡትም እየበዙ ሄዱ። ቅኝ ገዢዎቹ ማሸነፍ ሲያቅታቸው መደራደር ጀመሩ። እንደየአካባቢያቸው የተለያየ ስም ካላቸው የማሮን ሕዝቦች ጋር፣ በኦክቶበር 10፣ 1760 ከንጁካዎች ጋር፣ በ1762 ከሳማካዎች ጋር፣ በ1767 ከማታዋዮች ጋር የሰላም ውል ተፈራረሙ። እነዚህ ሰዎች ነፃነታቸውን የወሰዱት የአሜሪካ ነፃነት ከመታወጁ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ቀድመው ነው። ውሉ ግን መራራ ነገር ነበረበት። ከዚያ በኋላ የሚያመልጡትን እየያዙ እንዲመልሱ ያስገድዳል። ስለዚህ ከኮቲካ አካባቢ በቦኒ መሪነት የተሰባሰቡት፣ ዛሬ አሉኩ የሚባሉት፣ ከውሉ ውጭ ቀሩ። ስቴድማን የተላከው በእነሱ ላይ ነው።

ቦኒ ረግረግ መሀል የሠራው ምሽግ ቡኩ ይባላል። ትርጉሙ «እጄን ከምሰጥ በስብሼ ልቅር» እንደማለት ነው። ቡኩ የወደቀው ስቴድማን ከመድረሱ በፊት፣ በ1772 ነው። የጣሉትም ነጮች አይደሉም። ቅኝ ገዢው መንግሥት በዚያው ዓመት ከባለርስቶች ላይ ሰዎችን ገዝቶ ነፃነት፣ ቤትና ጓሮ ቃል ገብቶላቸው አስታጠቃቸው። ቀይ ቆብ ስለሚያደርጉ ሕዝቡ «ቀይ ቆቦች» አላቸው። ጫካውን እንደ መዳፋቸው ያውቁት ነበር። ጋዶ ሳቢ በተቃጠለበት ሌሊትም በጣም የከረረው ስድብ በእነሱና በማሮኖቹ መካከል የተወረወረው ነው። ማሮኖቹ ለአውሮፓ ወታደሮች እናዝናለን ሲሉ፣ ለቀይ ቆቦቹ ግን ከሃዲ የሚል ስም ብቻ ነበራቸው።

እዚህ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ሰውየው ነፃ የሚወጣበት በር አንድ ብቻ ሆኖ ሲከፈትለት፣ በሩም በወንድሙ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ የዛሬ ሰው ተቀምጦ ምን ይፈርዳል? የምፈርደው በሩን በዚያ በኩል ባደረገው ላይ ነው። ያው ዘዴ በኋላ በቦኒ ላይም ሠርቷል። ቦኒ ሕዝቡን ይዞ የማሮዊን ወንዝን ወደ ፈረንሳይ ግዛት ተሻገረ። በ1793 የገደሉት ግን ውል የፈረሙት ንጁካዎች ናቸው።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። ስቴድማን የተዋጋቸውን ሰዎች «ያመፁ» ይላቸዋል፤ የመጽሐፉ ርዕስ ላይም አለ። በእኛ አገር ጣሊያን በገባ ጊዜ ጫካ የገቡትን ወራሪው ሽፍታ ሲላቸው ሕዝቡ አርበኛ ይላቸው ነበር። አንድን ሰው በየትኛው ስም እንደጠራኸው ሲታወቅ የቆምክበትም ቦታ አብሮ ይታወቃል። ስቴድማን በቃሉ «ያመፁ» ይበል እንጂ የሚገልጻቸው እንደ አመፀኛ አይደለም። ገበሬ ናቸው፣ አናጢ ናቸው፣ ጨው ሠሪ ናቸው።

ጨው ከየት ያመጡ ነበር? ከዘንባባ አመድ። ቅቤስ? ከዘንባባ ግንድ ውስጥ ከሚወጣ ወፍራም ትል ስብ። መጠጡም ከዚያው ከዘንባባው። ዕቃቸው ቅል ነው፤ እሱን ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ስቴድማን ይህን ሁሉ በዝርዝር መዝግቦታል። አመፀኛ የተባሉት ሰዎች ጠግበው ያድራሉ፤ ሊይዟቸው የመጡት ወታደሮች በደረቅ ብስኩትና በጨው ሥጋ ይሰቃያሉ። ሩዙን በተመለከተ ደግሞ የማሮን ሴቶች እስከ ዛሬ የሚናገሩት አለ። አያቶቻችን ሲያመልጡ ዘሩን በተጎነጎነ ፀጉራቸው ውስጥ ደብቀው አመጡት ይላሉ። አንዳንዱ የሩዝ ዓይነት የሚጠራውም ባመጣችው ሴት ስም ነው። በ2016 የታተመ የዘረመል ጥናት ከማሮኖቹ የተገኘው አፍሪካዊ ሩዝ ከኮትዲቯር ምዕራባዊ ክፍል ሩዝ ጋር በጣም እንደሚቀራረብ አሳይቷል።

አሁን ወደ ወታደሩ ወደ ራሱ ልመለስ። ስቴድማን ጥሩ ዓይን ነበረው። ጥሩ ሰው ነበር ወይ ሲባል ግን መልሱ አጭር አይደለም።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ዛፍ ላይ ታስራ ስትገረፍ ይደርሳል። ጥፋቷ የካቦውን ፍላጎት እምቢ ማለቷ ነው። ስቴድማን እንዲፈቱዋት ለመነላት። ካቦው ማንም የማያገባው ሰው ሲለምን ቅጣቱን እጥፍ ማድረግ ልማዴ ነው አለና እንደገና አስገረፋት። ስቴድማን ወደ ጀልባው ሮጠ። ሥዕሉን ሠራው፤ እንግሊዛዊው ባለቅኔና ሠዓሊ ዊልያም ብሌክ በመዳብ ላይ ቀረጸው። ብሌክ ለመጽሐፉ ከ12 በላይ ሥዕሎችን ቀርጿል። የባርነት ንግድ እንዲቀር በእንግሊዝ በተደረገው ትግል ሰዎች በድንጋጤ ይመለከቷቸው የነበሩ ሥዕሎች ናቸው። ስቴድማን ግን ባርነት ባንዴ ይቅር ብሎ አያውቅም። የእሱ አቋም ጭካኔው ይቀነስ፣ ሥርዓቱ ይቀጥል ነው። የሚያገለግለው ኳኮ የሚባል ልጅ ነበር፤ ሆላንድ ሲመለስ ለአንዲት ባላባት ሴት በስጦታ ሰጠው። አንድን ልጅ ስጦታ አድርጎ መስጠት ይቻላል ብሎ የሚያምን ሰው ነው ለዚያች ልጅ የለመነው። ሁለቱም አንድ ሰው ነው።

ከዚያ ጆአና አለች። ሲያገኛት 15 ዓመቷ ነው፤ በባርነት የተያዘች። ጆኒ የሚባል ልጅ ወለዱ። በታተመው መጽሐፍ ላይ ታሪካቸው ልብ የሚነካ የፍቅር ታሪክ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሰው አልቅሶበታል። የስቴድማን የዕለት ማስታወሻ ግን ሌላ ነገር ይዟል። መጀመሪያ ላይ ስለ ዋጋ የተደረገ ንግግር አለ። የቅኝ ግዛቱ ነጭ ወንዶች «የሱሪናም ጋብቻ» የሚሉት ልማድ ነበር፤ ነጩ አገሩ ሲመለስ የሚያበቃ። መጽሐፍ ሲሆን ያ ሁሉ ተጠርጎ ወጣ። ስቴድማን አብራው ወደ አውሮፓ እንድትሄድ ሲጠይቃት እምቢ አለች። ለነፃነቷ የተከፈለው 2,000 ጊልደር (የሆላንድ ገንዘብ ነው) የሌላ ሰው ብድር ነው፤ አውሮፓ ብሄድም ዝቅ ተደርጌ ነው የምታየው አለችው። በ1782 ሞተች። ጆኒ ወደ እንግሊዝ አባቱ ጋ ሄዶ የባሕር ኃይል አባል ሆነ፤ በወጣትነቱ ባሕር በላው። ከጆአና እጅ የተጻፈ አንድ መስመር የለንም። የምናውቃት እሱ እንድናውቃት በፈለገው ልክ ነው።

እርግጥ እሱም ቢሆን ጽሑፉ በሌላ እጅ ተነካክቶበታል። ስቴድማን ረቂቁን በ1790 ጨርሶ ለአሳታሚ ሰጠ። አሳታሚው ዊልያም ቶምሰን የሚባል አርታዒ ቀጠረ። መጽሐፉ በ1796 ሲወጣ ስቴድማን በጣም ተቆጣ። ብዙ ነገር ተቀይሯል፤ በባለርስቶቹ ላይ የጻፈው ለዝቧል፤ ለባርነት የሚያደላ ሐሳብ ገብቶበታል። በዓመቱ ሞተ። ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ ዓለም ያነበበው ያንን የተነካካውን ነው። የ1790ው ረቂቅ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተገኘ። ሪቻርድ ፕራይስና ሳሊ ፕራይስ የሚባሉ ባልና ሚስት አንትሮፖሎጂስቶች በ1988 እንዳለ አሳተሙት። ማስታወሻውን፣ ረቂቁንና የታተመውን ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያነብ አንድ ሰው ታሪክ እንዴት እየተቀባባ እንደሚሄድ በዓይኑ ያያል።

ይህ የድሮ ነገር ዛሬ ለምን ይነሳል? እዚህ ነው ነገሩ።

ሪቻርድ ፕራይስ የወታደሩን ረቂቅ በማሳተም አልቆመም። ከባለቤቱ ጋር ከሳማካዎች መንደር ኖሮ ሽማግሌዎቹ ስለ መጀመሪያው ዘመን የሚናገሩትን ለዓመታት ሰብስቧል። ሳማካዎች የሱሪናምን መንግሥት ለአሜሪካ አገሮች የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሲከሱም በባለሙያ ምስክርነት ቆሟል። መንግሥት ሳያማክራቸው ጫካቸውን ለእንጨት ቆራጭና ለማዕድን ኩባንያዎች ሰጥቶባቸው ነበር። ፍርዱ ኖቬምበር 28፣ 2007 ወጣ። መሬታቸው ይከለል፣ ካርታ ይሰጣቸው፤ ትልቅ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በነፃነትና አውቀው ይስማሙ አለ። ከሳማካዎቹ ሁለት ሰዎች፣ ዋንዜ ኤድዋርድስና ሁጎ ጃቢኒ፣ በ2009 በዓለም የታወቀውን የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት አገኙ።

ካርታው ግን በረቂቅ ሕግና በስብሰባ ሲንከባለል ከአሥር ዓመት በላይ አለፈው። የሱሪናም ሕግ ሰነድ የሌለው መሬት የመንግሥት ነው ይላል። ይህ አባባል ለእኛ ጆሮም እንግዳ አይደለም። በሱሪናም ግን ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰነድ የሚሰጠው መንግሥት ገና ሳይፈጠር እዚያ ያረሰ ሰው ሰነድ ከየት ያምጣ?

የእኔ መልስ እንዲህ ነው። ሰነዱ አለ። የጻፉት ጠላቶቹ ናቸው። የ1760ው ውል በቅኝ ገዢዎች ወረቀት ላይ ተጽፏል። የስቴድማን የሩዝ ማሳ፣ የዘንባባ ጨው፣ በረድፍ የተተዉት ረጃጅም ዛፎች፣ ሁሉም ተጽፈዋል። ጋዶ ሳቢ የሳማካዎች መንደር አይደለችም፤ ያን ላምታታ አልፈልግም። ግን «እዚህ ጫካ ማን ነበረ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሊያቃጥል የሄደ መኮንን «ገበሬዎች ነበሩ፣ ማሳቸውም ያማረ ነበር» ካለ፣ ከዚህ የጠነከረ ምስክር ከየት ይመጣል? የወዳጅ ምስክር ይጠረጠራል። ይኸኛው ለመዋሸት ምክንያት የነበረው በተቃራኒው በኩል ነው።

ሆላንድ በበኩሏ ይቅርታ መጠየቅ ጀምራለች። በዚያ ዘመን የሱሪናም ባለድርሻ የነበረችው የአምስተርዳም ከተማ በከንቲባዋ በኩል በ2021 ጠየቀች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዲሴምበር 2022፣ ንጉሡ በጁላይ 1፣ 2023። ጁላይ 1 የኬቲ ኮቲ በዓል ነው፤ «ሰንሰለቱ ተበጠሰ» ማለት ነው። አምስተርዳም የሚኖር ሐበሻ ኦስተርፓርክ የሚባለው መናፈሻ ያን ቀን በባህል ልብስና በጥምጥም ሲሞላ ሳያይ አይቀርም። ባርነት በሱሪናም በሕግ የቀረው በ1863 ነው። ያኔ ለባለቤቶቹ ለአንድ ሰው 300 ጊልደር ካሳ ተከፈለ። ነፃ የወጡት ምንም አላገኙም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ለአሥር ዓመት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እዚያው እርሻ ላይ እንዲሠሩ ተገደዱ።

ማሮኖቹ ግን ያኔ ነፃ ከወጡ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ለእነሱ ትልቁ ቀን ኦክቶበር 10 ነው፣ የ1760ው ውል የተፈረመበት። ዛሬ በሱሪናም ብሔራዊ በዓል ነው። በ2012 ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ ከአምስት ሰው አንዱ ማሮን ነው። ሱሪናም ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ሰላም አላገኙም። በ1986 በተነሳው የእርስ በርስ ጦርነት የመንግሥት ወታደሮች ሞይዋና በምትባል የንጁካ መንደር ቢያንስ 39 ሰዎችን ገድለዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት።

ከዚያ በፊት ደግሞ ግድቡ ነበር። በ1960ዎቹ ለአሉሚኒየም ፋብሪካ መብራት ሲባል የሱሪናም ወንዝ ተገደበ። ውኃው የሳማካዎችን መንደሮች ዋጠ፤ 6,000 ያህል ሰው ተነሳ። ኮፊካምፕ የምትባል የማሮን መንደርም አብራ ሰጠመች። ሰዎቿ ወደ ሌላ ቦታ ተወስደው አዲሷን ኮፊካምፕ ሠሩ። ያረፉበት መሬት ሥር ወርቅ ተገኘ። በ1990ዎቹ የውጭ ኩባንያዎች መጡ፤ በኋላም በዙሪያቸው ትልቅ የማዕድን ጉድጓድ ቆፈሩ። የመንደሩ ሰዎችም አያቶቻቸው ከውኃው ሸሽተው ከሰፈሩበት እንደገና ይነሱ ወይስ አይነሱ የሚል ክርክር ውስጥ ናቸው።